ጨቅላ ይዞ ድንበር መሻገር፦ በገዳሪፍ–መተማ መንገድ የቤተሰብ ጓዝ ውስጥ ምን ይገባል?

ከገዳሪፍ ተነስቶ በዶካ በኩል ወደ ጋላባት የሚዘልቀው መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በሰላሙ ጊዜ ለሰሊጥ ነጋዴውም፣ ለቀን ሠራተኛውም፣ ዘመድ ጥየቃ ለሚሄደውም የጥቂት ሰዓታት ጉዞ ነበር። ሻንጣ የመኪናው ጣሪያ ላይ ይታሰራል፤ ለልጆች ብስኩትና ውሃ ይያዛል፤ ከጋላባት በእግር ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ ላይ ምሳ ይበላል።

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን በዚህ መንገድ የሚያልፈው ጓዝ መልኩን ቀይሯል። መጀመሪያ ከዋና ከተማዋ፣ በታኅሣሥ 2016 ከዋድ መደኒ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ደግሞ ከሲንጃ ያመለጡ ቤተሰቦች ወደ ገዳሪፍ ጎርፈዋል። ከእነርሱ መካከል ድንበሩን አልፈው ወደ ኢትዮጵያ የገቡም አሉ። ብዙዎቹ ልጅ አዝለው፣ ልጅ በእጃቸው ይዘው ነው የተጓዙት።

ከትናንሽ ልጆች ጋር ለሚደረግ ጉዞ ጓዝ ስለ ማሰናዳት የሚመክሩ ጽሑፎች በዓለም ላይ ሞልተዋል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የተጻፉት በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ለመዝናናት ለሚወጣ ቤተሰብ ነው። የዋና ልብስ፣ የፀሐይ ቅባትና መጫወቻ ይዘረዝራሉ፤ የተረሳ ነገር ቢኖር ከመርከቡ ሱቅ ይገዛል። በምሥራቅ ሱዳን መንገዶች ግን የተረሳ ነገር ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ከመጠን በላይ የተያዘ ነገር ደግሞ መንገድ ላይ ይጣላል። በሁለቱ መካከል ያለው ምርጫ የልጅ ሕይወት የሚወሰንበት ሆኖ ያውቃል።

አንድ ድንበር፣ ሦስት ስደቶች

ይህ አካባቢ የቤተሰብ ጓዝ ሲፈተንበት የኖረ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ከሰሜን ኢትዮጵያ ያፈናቀላቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲገቡ፣ ከጎንደር አካባቢ የተነሱ ቤተ እስራኤላውያንም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ኢየሩሳሌም እንደርሳለን ብለው የወጡት እነዚህ ቤተሰቦች እንዳይያዙ በአብዛኛው የሚጓዙት በሌሊት ነበር። ብዙዎቹ ቤትና ንብረታቸውን ትተው ለሳምንታት በእግር ሲጓዙ የያዙት ስንቅ ከመንገዱ ቀድሞ አለቀባቸው፤ የቀረችውንም ሽፍቶች የዘረፏቸው ጥቂት አይደሉም።

የከፋው ግን መንገዱ ብቻ አልነበረም። በገዳሪፍ ግዛት በሚገኘው ኡም ራኩባ መጠለያ ተጨናንቀው በሰፈሩበት ወቅት ኩፍኝ፣ ወባና ተቅማጥ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ቀጥፏል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27/1977 ዓ.ም. በተካሄደው ‘ዘመቻ ሙሴ’ 8,000 ገደማ ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ሲወሰዱ፣ በመንገድና በመጠለያ የሞቱት 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል።

ሁለተኛው ስደት የመጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት ላይ በትግራይ ጦርነት ሲጀመር፣ በሑመራና በአካባቢው ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት፣ ሰዎች አዝመራቸውን ሜዳ ላይ ጥለው ሱዳኖች ሰቲት የሚሉትን ተከዜን ተሻገሩ። በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60,000 በላይ ሰዎች ወደ ሱዳን ሲገቡ፣ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሕፃናትና ታዳጊዎች ነበሩ። ለዓመታት ተዘግቶ የቆየው ኡም ራኩባ በድጋሚ ተከፈተ፤ በታኅሣሥ ማብቂያ ላይም ከድንበሩ ራቅ ብሎ የቱናይድባህ መጠለያ ተጨመረ።

ሦስተኛው፣ የ2015ቱ፣ አቅጣጫውን አዞረው። ከሱዳን የሸሹት በመተማ በኩል ገብተው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። ነሐሴ 2015 ላይ ኩመር ውስጥ ኮሌራ ተቀሰቀሰ፤ በቀጣዩ ወር ደግሞ በድንበሩ ማዶ በገዳሪፍ ግዛት ወረርሽኙ በይፋ ታወጀ። በ2016 ዓ.ም. በመጠለያዎቹ ላይ በሚደርስ ጥቃትና ዝርፊያ የተማረሩ ከአንድ ሺህ በላይ ስደተኞች፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወጥተው በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ለመቆየት ተገደዋል። በኋላም አፍጢት የተሰኘ ሌላ መጠለያ ተከፍቷል።

ሦስቱ ስደቶች በወቅትም ይለያያሉ። በጥቅምትና በኅዳር የሚሻገር ቤተሰብ የሚያገኘው ክረምት ያፈላውን የወባ ትንኝ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የሚጓዘውን ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ ሙቀት ይጠብቀዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ የገዳሪፍ ጥቁር ዋልካ አፈር ረጥቦ መኪና ይውጣል፤ ከአስፋልት ውጪ ያለው መንገድ ለቀናት ይዘጋል። ስለዚህ የልጅ ጓዝ ከመታሰሩ በፊት መጀመሪያ የሚታየው ወሩ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ውሃ

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ነገሩ ተራ ቢመስልም የእግረኛ ቤተሰብ ሒሳብ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን በአማካይ 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እናት እሱን አዝላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በእጇ ካንጠለጠለች 14 ኪሎ ተሸክማለች፤ ገና ልብስ፣ ምግብና ሰነድ አልተነሳም። ሌላ የሦስት ዓመት ልጅ ካላት እሱም 14 ኪሎ ገደማ ነው። ጥቂት በእግሩ ይሄድና “እዘዪኝ” ማለቱ አይቀርም።

በመሆኑም የእንዲህ ያለ ቤተሰብ ጓዝ የሚለካው በሻንጣ ስፋት ሳይሆን በትከሻ ቁጥር ነው። አባወራው አብሮ ካለ፣ የእርሱን ጀርባ አስቀድሞ በዕቃ መሙላት የተለመደ ስህተት ነው፤ ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ትልቁ ልጅ ሲደክም ከዕቃው አንዱ መጣሉ የግድ ይሆናል፤ በችኮላ የሚጣለው ዕቃ ደግሞ ሁልጊዜ የማያስፈልገው አይደለም። አንቀልባ ወይም ጠንካራ ነጠላ ከባለ ጎማ ሻንጣ የሚሻለው ለዚህ ነው። ሁለት እጅ ነጻ ያደርጋል፤ ወንዝ ያሻግራል፤ ሲያድሩም ልጁን ያለብሳል። ባለ ጎማ ሻንጣ ዋልካ ላይ ከአሥር እርምጃ በላይ አይጎተትም።

ውሃውን በአንድ ትልቅ ጀሪካን ከመያዝ በሁለትና በሦስት ትናንሽ ዕቃዎች መክፈል ይመረጣል። አንዱ ቢፈስ ወይም ቢሰረቅ ሌላው ይተርፋል፤ ስድስትና ሰባት ዓመት የሞላው ልጅም የራሱን ግማሽ ሊትር መያዝ ይችላል። የጓንግ ወንዝም ሆነ የመንገድ ዳር ኩሬ ውሃ ሳይታከም ለልጅ አይሰጥም። ማፍላት ካልተቻለ በኢትዮጵያ ‘ውሃ አጋር’ በሚል ስም የሚታወቀው ፈሳሽ ወይም ሌላ የክሎሪን እንክብል ቀላልና ርካሽ ነው። ከብዙ ሊትር ውሃ ይልቅ አንዲት ትንሽ የክሎሪን ጠርሙስ መያዝ ትከሻን ያሳርፋል፤ ይህ የሚሠራው ግን በመንገዱ ላይ ውሃ መኖሩ ከታወቀ ብቻ ነው።

ጓዝን በትከሻ የመለካት ነገር ለሱዳን ሕዝብም አዲስ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ፎቶግራፍ አንሺው ብራያን ሶኮል፣ ከሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ሸሽተው ደቡብ ሱዳን የገቡ ሰዎችን እጅግ አስፈላጊ ብለው ይዘውት ከመጡት ዕቃ ጋር አንስቷቸዋል። ከእነርሱ አንዲት እናት የያዘችው ድስት ነበር። ቤቷ ከነበሩት ድስቶች ትልቁ አልነበረም፤ ሆኖም ለመሸከም የማይከብድ፣ ለእርሷና ለሦስት ሴት ልጆቿ ማሽላ ለመቀቀል ግን የሚበቃ ነበር። ለተፈናቃይ ቤተሰብ ጓዝ ከዚህ የተሻለ መለኪያ ማግኘት ያስቸግራል።

ስንቅ

በደጋው የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍል የመንገድ ስንቅ የረጅም ዘመን ዕውቀት ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በውሃ ብቻ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ በጭብጦ መልክም ይጨበጣል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለሳምንታት ሳይበላሹ ይቆያሉ። ለልጆች ሲሆን ግን ጥንቃቄ አለው። ቆሎ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ይችላል፤ እየተራመዱ ወይም መኪና ላይ እየተንገጫገጩ መስጠት ደግሞ አደጋውን ያብሳል። በሶም የሚበጠበጥበት ውሃ ንጹሕ ካልሆነ ከምግብነቱ ይልቅ ጉዳቱ ያመዝናል። በሱዳን በኩል ቴምርና ኦቾሎኒ በቀላሉ ይገኛሉ፤ ቴምሩ ፍሬው ወጥቶለት፣ ኦቾሎኒው ተፈጭቶ ቢያዝ ለሕፃናት ይስማማል።

ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ስንቁ እናቱ ናት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በአደጋ ጊዜም ቢሆን ከጡት ወተት ሌላ ምንም፣ ውሃም ጭምር፣ እንዳይሰጠው ይመክራሉ። በድንጋጤና በረሃብ ምክንያት “ወተቴ ደረቀ” ብለው የሚሰጉ እናቶች ብዙ ናቸው። ድንጋጤ ወተቱ የሚወርድበትን ፍጥነት ለጊዜው ሊቀንሰው ቢችልም፣ ሕፃኑ ደጋግሞ ሲጠባ ይመለሳል። ስለዚህ ከቤተሰቡ ውሃ ቅድሚያ የሚሰጠው ለምታጠባ እናት ሊሆን ይገባል፤ በብዙ ቤት ግን ራሷን መጨረሻ ላይ የምታስቀምጠው እርሷው ናት። የዱቄት ወተት ንጹሕ ውሃና የሚፈላ ጡጦ ይፈልጋል፤ ሁለቱም በሌሉበት የተቅማጥ በር ከፋች ነው። የግድ ካስፈለገ ከጡጦ ይልቅ በቀላሉ የሚታጠብ ስኒ ይሻላል።

ክብደት የሌለው ጓዝ

ሰነድ አይከብድም፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነው። በገዳሪፍ ለዓመታት በእርሻና በቤት ሥራ ተቀጥረው የኖሩ ኢትዮጵያውያን እዚያው ልጅ ይወልዳሉ፤ ልደቱ በየትኛውም አገር መዝገብ ሳይሰፍር ይቀራል። በኢትዮጵያ ሕግ ዜግነት የሚገኘው በተወለዱበት ቦታ ሳይሆን በትውልድ ሐረግ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ጥያቄው እንግዲህ ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ በምን ይረጋገጣል የሚለው ነው።

የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ፣ ሆስፒታል የሰጠው የወሊድ ማስረጃ፣ የእናት ስም ያለበት የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት ወይም ቀድሞ የተሰጠ የስደተኛ መታወቂያ ድጋፍ ይሆናል። በተለይ የክትባት ካርድ በአንድ ወረቀት ሁለት ሥራ ይሠራል። የልጁን ዕድሜ ያሳያል፤ ኩፍኝና ፖሊዮ መከተቡንም ይናገራል። በ1977 በኡም ራኩባ ኩፍኝ ያደረሰውን ለሚያውቅ፣ ድንበር ላይ የጤና ሠራተኞች ገና መረጃ ሳይጽፉ ልጁን ለመከተብ ለምን እንደሚቸኩሉ ግልጽ ነው። ካርዱ ከጠፋ ድጋሚ መከተብ አይጎዳም። ለስደተኞች ደግሞ ኢትዮጵያ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ልደትን ጨምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ እየሰጠች በመሆኑ፣ በጉዞ ላይ ወይም በመጠለያ የተወለደ ሕፃን መመዝገብ ይችላል።

ሰነዶችን በስልክ ፎቶ አንስቶ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ለዘመድ መላክ ዛሬ የተለመደ ነው፤ ጥሩም ነው። ሆኖም በጥር 2016 ማብቂያ በሱዳን የሦስቱም ትላልቅ ኩባንያዎች የስልክ አገልግሎት ሲቋረጥ፣ ሚሊዮኖች ዘመድ ማግኘትም፣ ‘ባንካክ’ በተባለው የባንክ መተግበሪያ ገንዘብ መላክና መቀበልም አቅቷቸው ነበር። ዋናው ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ ከአካል ጋር ይታሰር። ገንዘቡም አንድ ቦታ አይቀመጥ፤ በየኬላው ለሚደርስ ፍተሻና ዝርፊያ የተጋለጠው መጀመሪያ የእጅ ቦርሳ ነው።

ልጁ ቢጠፋስ?

ጋላባት ላይ እንደታየው ዓይነት ግርግር ባለበት መሻገሪያ ልጅ ከቤተሰቡ ለመለየት ደቂቃ ይበቃዋል። ሦስትና አራት ዓመት የሞላው ልጅ የራሱን ስም ከአባቱ ስም ጋር፣ የእናቱን ስምና የመጣበትን ከተማ እንዲናገር ማስለመድ ይቻላል፤ “እማዬ” ብቻ ብሎ የሚያውቅ ልጅ ፈላጊውን ያስቸግራል። ለማይናገረው ሕፃን የወላጆች ስምና ቢያንስ ሁለት ስልክ ቁጥሮች፣ አንደኛው ከጦርነቱ ቀጠና ውጪ ያለ ዘመድ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል፣ በአማርኛም በዓረብኛም ተጽፈው በልብሱ ውስጠኛ ክፍል ይሰፋሉ። በውጪ በኩል መጻፍ አይመከርም፤ ስሙን ያነበበ እንግዳ ሰው ልጁን በስሙ ጠርቶ ሊያታልለው ይችላል።

ከተለያዩ በኋላ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት የጠፋ ቤተሰብን በነጻ ያፈላልጋሉ። ልጅ የጠፋበት ቤተሰብ በመመዝገቢያው ጣቢያ መጀመሪያ መናገር ያለበት ይህንኑ ነው፤ ምዝገባ የሚካሄደው በቤተሰብ ስለሆነ፣ ያልተነገረለት ልጅ በኋላ ሲገኝ ለመቀላቀል ጊዜ ይወስዳል።

መድኃኒትና አጎበር

የልጅ መድኃኒት ከረጢት ትልቅ መሆን የለበትም። በኢትዮጵያ ‘ሕይወት አድን ንጥረ ነገር’ የሚባለው የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ከሁሉ ይቀድማል። አንዱ ከረጢት፣ በላዩ ላይ ሌላ መጠን ካልተጻፈ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረው ይደፋል። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማዘጋጀት ይቻላል። ጨው ማብዛት ልጁን ይጎዳል፤ በእጅ እየዘገኑ መገመት አይገባም። ኮሌራ በሁለቱም የድንበር ወገን በታየበት አካባቢ ይህ ከረጢት ከማንኛውም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይበልጣል። የትኩሳት ሽሮፕ ከያዙ መጠኑ የሚወሰነው በልጁ ክብደት ስለሆነ ማሸጊያውን አለመጣል ነው።

አጎበር ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብዙ ቤተሰቦች ሲቸኩሉ ይተዉታል፤ ነገር ግን ከክረምት በኋላ በዚህ አካባቢ ውጪ ለሚያድር ልጅ ከተጨማሪ ልብስ ይልቅ እርሱ ይጠቅማል። ወባ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ገዳሪፍ፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ በኩል ያሉት የመተማና የሑመራ ቆላዎች፣ ካላዛር ከሚበዛባቸው የዓለም አካባቢዎች መካከል ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ እጅግ ታንሳለች፤ ስትበር ድምፅ አታሰማም፤ የምትነክሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በበጋ የሚሰነጣጠቀው ዋልካ አፈርና የግራር ጥላ ይመቻታል። የሰሊጥ አጨዳ ሠራተኞች ይህን በሕመም ተምረውታል፤ ለጥላው ሲሉ ግራር ሥር የሚያድር ቤተሰብ ግን አያውቀው ይሆናል። በተሰነጣጠቀ መሬት ላይና በግራር ሥር አለመተኛት፣ ልጆችን ከምሽት በፊት እጅጌ ረጅም ማልበስ፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ዳሩን ከምንጣፉ ሥር አድርጎ መዘርጋት አደጋውን ይቀንሳል።

ካላዛር ምልክቱን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ዘግይቶ ነው። በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ ጎንደር፣ አዲስ አበባ ወይም ከዚያ ርቆ ሊሆን ይችላል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ እየከሳ የሚሄድ ገላ፣ በግራ በኩል በጣፊያ ማበጥ የሚነፋ ሆድ ያለበትን ልጅ፣ በሽታው በማይታወቅበት ከተማ የሚያየው ሐኪም ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ብሎ ሊያክመው ይችላል። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ በጊዜ ከተገኘ ግን ይድናል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተቋቋመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ፤ የመጀመሪያ ምርመራውም ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ይሠራል። ወላጆች ለሐኪሙ በየትኛው ወር በየት በኩል እንደተሻገሩና ልጁ ስንት ሌሊት ሜዳ ላይ እንዳደረ ቢነግሩት፣ ምርመራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።